ከአሞሌ እስከ አልዶስትሮን

የወሎው ቦረና ጨው አይወጣበትም። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ቢወርዱ የዓባይ ሸለቆ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ቢመለሱ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ የሚዘልቀው ደጋ ነው። ገብሱ፣ ባቄላው፣ በጉ ሞልቶ ጨው ግን የለም። አያቶቻችን የበሉት ጨው ከአፋር ረባዳ በአሞሌ ተቆርጦ፣ በግመል ተጭኖ ከቆላው ወጥቶ፣ ከዚያ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ደጋውን አቋርጦ የመጣ ነው። በ1520ዎቹ ሀገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጨው በየግዛቱ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል፣ ከተቆፈረበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው እንደሚወደድ ጽፏል። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ከጨው ምድር እጅግ ርቆ በኖረ ደጋ ላይ ደግሞ ጨው ይቆጠባል እንጂ አይደፋም።

አካላችንም ጨው ቆጣቢ ነው። ኩላሊቶቻችን በአንድ ቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ከ1 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ጨው አለ። ያ ሁሉ በሽንት ቢወጣ ሰው ቀኑን አይውልም። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። የቀረችው ጥቂት ግራም ትውጣ ወይስ ትመለስ የሚለውን የሚወስን አንድ ሆርሞን አለ፤ አልዶስትሮን ይባላል። የሚያመነጨው ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ የተቀመጠው የአድሬናል ዕጢ ነው። ሶዲየምን ያስቀራል፣ በምትኩ ፖታሲየምን ያስወጣል። ሥራው ሲበዛ ውሃው ጨውን ተከትሎ ይቀራል፤ የደም ግፊትም ይጨምራል።

ዛሬ በአንድ ብልቃጥ ደም የሚለካው ይህ ሆርሞን እስኪታወቅ መቶ ዓመት ግድም ፈጅቷል። ታሪኩን መተረክ የፈለግሁት ምርመራውን በትክክል ለማንበብ የሚያስፈልገው እውቀት በሙሉ በዚያ ታሪክ ውስጥ ስላለ ነው።

መጀመሪያ የታወቀው ዕጢው ሲጠፋ የሚመጣው መከራ ነው። በ1855 የለንደኑ ሐኪም ቶማስ አዲሰን የ11 ሕሙማንን ታሪክ አሳተመ። ሰዎቹ እየደከሙ፣ ምግብ እምቢ እያላቸው፣ ቆዳቸው እየጠቆረ ሄደው ሞቱ። አስከሬናቸው ሲመረመር ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ተበላሽተው ተገኙ፤ ብዙዎቹንም ያበላሸው የሳንባ በሽታ ብቻ አድርገን የምናስበው ቲቢ ነበር። በዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ብራውን ሴካር የተባለ ተመራማሪ የእንስሳትን ሁለት ዕጢዎች አወጣ፤ እንስሳቱ ወዲያው ሞቱ። ያለ እነዚህ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች መኖር እንደማይቻል ታወቀ፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ ሮበርት ሎብ በእነዚህ ሕሙማን ደም ውስጥ ሶዲየም ተመናምኖ አገኘና ጨው በብዛት አበላቸው። ተሻላቸው።

ስለዚህ ዕጢው ጨው የሚያስቀር አንዳች ነገር እንደሚያወጣ ግልጽ ሆነ። በአሜሪካ ኬንዳል፣ በስዊዘርላንድ ራይክስታይን የተባሉ ኬሚስቶች የበሬ ዕጢ በገፍ እየጨመቁ ሆርሞኖችን አንድ በአንድ በክሪስታል መልክ ማውጣት ያዙ። አንድ ነገር ግን አላሳረፋቸውም። ክሪስታሎቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ቅርጽ የለሽ ዝቃጭ፣ ዕጢያቸው የወጣ እንስሳትን በሕይወት በማቆየት ከክሪስታሎቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ዋናው ነገር ዝቃጩ ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው። በ1949 ከክሪስታሎቹ አንዱ የሆነው ኮርቲዞን የመገጣጠሚያ ሕመምተኞችን ከአልጋ ሲያስነሳ ዓለም ወደዚያ ዞረ፤ ኬንዳልና ራይክስታይንም ከሐኪሙ ሄንች ጋር የ1950ውን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ዝቃጩ ተረሳ።

ያልረሱት ለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሲልቪያ ሲምፕሰን የሥነ ሕይወት ባለሙያ፣ ጄምስ ቴት የፊዚክስ ሰው። ይህን ጥምረት ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ሆርሞኑ በዓይን የሚታይ፣ በሚዛን የሚመዘን አልነበረም፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን የዚያው ዕጢ ሌላ ሆርሞን ከሆነው ከኮርቲዞል አንድ ሺኛ ግድም ብቻ ነው። ስለዚህ የሚለኩት ሆርሞኑን ሳይሆን ሥራውን ሆነ። ዕጢያቸው ለወጣ አይጦች የዕጢ ጭማቂ ይወጋሉ፤ ጨረር የሚያወጡ ሶዲየምና ፖታሲየም ይሰጧቸዋል፤ ከዚያ ሽንታቸውን ይሰበስቡና የሁለቱን ድርሻ በጨረር መቁጠሪያ ይለካሉ። ሶዲየሙ ቀንሶ ፖታሲየሙ ከበዛ ጭማቂው ውስጥ የሚፈለገው ነገር አለ ማለት ነው። የፊዚክሱ ሰው መሣሪያ ከአይጥ ሽንት ጋር እንዲህ ተገናኘ። በዚህ ዘዴ ያገኙት ኃይል ቀደም ሲል ከታወቁት ሆርሞኖች ከአንዳቸውም ጋር ሊገጥም አልቻለም፤ አዲስ ነገር ነበር። በ1952 ኤሌክትሮኮርቲን አሉት።

ከዚያ ንጹሑን ማውጣት ቀረ። ራይክስታይንና የሲባ ኩባንያ ኬሚስቶች ተባበሯቸው። በ1953 ከ500 ኪሎ ግራም የበሬ ዕጢ 21 ሚሊ ግራም ክሪስታል ተገኘ። የአንድ በሬ ሁለት ዕጢዎች ምን ያህል ቢመዝኑ ነው? ስንት ሺህ በሬ እንደታረደ አስቡት፤ የተገኘው ግን ከጣት ጫፍ ላይ የማይሞላ ብናኝ ነው። በ1954 አወቃቀሩ ተፈታ፤ ስሙም አልዶስትሮን ሆነ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1956 ተጋቡ፤ በ1959 ደግሞ ባልና ሚስት አብረው የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነው ተመረጡ።

በዚያው በ1954 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ አን አርቦር ከተማ፣ አንዲት የ34 ዓመት ሴት ወደ ዶክተር ጀሮም ኮን ዘንድ ቀረበች። ሰባት ዓመት ሙሉ ጡንቻዋ ሲኮማተር፣ እግሯ አልታዘዝ ሲላት፣ አንዳንዴም ከወገቧ በታች ለጊዜው ሽባ ስትሆን ኖራለች። ግፊቷ 176 በ104 ነበር። ፖታሲየሟ ከ1.6 እስከ 2.5፤ ጤናማው ከ3.5 በላይ ነው። ኮን ይህችን ሴት ለመረዳት ባልተጠበቀ ሁኔታ ተዘጋጅቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወታደሮች በሐሩር አገር ሙቀት እንዴት እንደሚላመዱ ሲያጠና፣ አካል ሲላመድ በላብ የሚወጣው ጨው እንደሚቀንስ፣ ይህንንም የሚያዝዝ ከአድሬናል ዕጢ የሚወጣ ነገር መኖር እንዳለበት ገምቶ ነበር። የሴትዮዋን ላብ ለካ። ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ሐሩር አገር ሳትሄድ አካሏ ጨውን አጥብቆ ይዟል፤ ፖታሲየሙን ደግሞ እየደፋው ነው።

ከሁለት መቶ ቀን በላይ በሆስፒታሉ የምርምር ክፍል ውስጥ የምትበላውና የምታስወግደው ሁሉ ተለካ። ኮን በጥቅምት 1954 ቺካጎ ውስጥ በሐኪሞች ጉባኤ ላይ ቆሞ ይህ አዲስ በሽታ ነው፣ ምንጩም ያለ ልክ የሚመነጭ አልዶስትሮን ነው አለ። ልብ በሉ፣ ይህን ሲል ማንም የሴትዮዋን ዕጢ ገና አላየውም። በታኅሣሥ 10 ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐሳቡ ሁለቱንም ዕጢዎች ማውጣት ነበር፤ ያ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሆርሞን ጥገኛ ያደርጋታል። ቀዶ ሐኪሙ ቀኙን ሲከፍት 4 ሴንቲ ሜትር የምትሆን እብጠት ተቀምጣ አገኘ። እሷን ብቻ አወጣ። ፖታሲየሟ ተስተካከለ፣ ግፊቷ ወረደ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ቀላል ይመስላል፤ አልዶስትሮን ለካ፣ ከበዛ እብጠቷን አውጣ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይሄድም።

ለምን እንደማይሄድ አንዱን ማስረጃ የሰጡት የአውስትራሊያ እንስሳት ናቸው። ዴሪክ ዴንተንና ባልደረቦቹ ከባሕር ርቆ በሚገኘው የስኖዊ ተራሮች አምባ ላይ ሣሩና አፈሩ ሶዲየም የራቀው ሆኖ አገኙት። በዚያ የሚኖሩ ጥንቸሎች የአድሬናል ዕጢያቸው የውጭ ሽፋን አብጧል፣ አልዶስትሮናቸው ከፍ ብሏል፣ ሽንታቸው ሶዲየም የለውም። ተመራማሪዎቹ ጨው የተነከረ እንጨት መሬት ላይ ቢተክሉ እንስሳቱ እስከ ሥሩ ድረስ ጋጡት። የዴንተን ቡድን ይህን በ1968 ሲያሳትም ወሎ ውስጥ ያለ በግ አርቢ ቢሰማ ኖሮ አይገርመውም ነበር፤ ደጋ ላይ ያለ ከብት አሞሌ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ከልጅነቱ ያውቃል። በ1975 ደግሞ በአማዞን ጫካ የሚኖሩት ያኖማሚ ሰዎች ተጠኑ። ጨው የሚባል ነገር ወደ ምግባቸው አይገባም። አልዶስትሮናቸው በጣም ከፍተኛ ነው፤ ግፊታቸው ግን ዝቅተኛ ነው፣ ዕድሜያቸው ሲገፋም አይጨምርም።

አልዶስትሮን ከፍ ማለቱ ብቻውን በሽታ አይደለም ማለት ነው። ጨው ያጣ ጤነኛ አካል የሚገባውን ሥራ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ታዲያ የያኖማሚውን ከፍተኛ ቁጥር ከአን አርቦሯ ሴት ከፍተኛ ቁጥር ምን ይለየዋል?

መልሱ ስቶክሆልም ውስጥ አቧራ ጠጥቶ ሲጠብቅ ቆይቷል። በ1898 ሮበርት ቲገርስቴትና ፔር በርግማን የጥንቸል ኩላሊት ጭማቂ ሌላ ጥንቸል ሲወጋ ግፊትን እንደሚያሻቅብ አሳትመው፣ ነገሩን ሬኒን ብለውት ነበር። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በ1934 ክሊቭላንድ ውስጥ ሃሪ ጎልድብላት ወደ ውሻ ኩላሊት የሚሄደውን የደም ሥር በማጥበብ ግፊት ማምጣት ሲችል ሬኒን ከመቃብር ተነሣ። በ1939 እና 1940 በቦነስ አይረስና በአሜሪካ ሁለት ቡድኖች ሬኒን በራሱ ግፊት እንደማያነሣ፣ አንጂዮቴንሲን የሚባለውን እንደሚያስገኝ አወቁ። በ1958 ፍራንዝ ግሮስ የኩላሊቱ ሬኒንና የአድሬናሉ አልዶስትሮን የተያያዙ እንደሆኑ ሐሳብ አቀረበ፤ በ1960 ጆን ላራህና ሌሎች አንጂዮቴንሲን አልዶስትሮንን እንደሚያስመነጭ በሰው ላይ አሳዩ። ሰንሰለቱ ተገጠመ። ኩላሊት ጨው ወይም ደም ሲያንሰው ሬኒን ይልካል፤ በዚያ ትእዛዝ አድሬናሉ አልዶስትሮን ያወጣል፤ ጨው ሲመለስ ሬኒን ዝም ይላል። በ1964 ኮን ራሱ በበሽተኞቹ ሬኒንን ሲለካ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ አገኘው። ጌታው ዝም ብሎ ሳለ ሎሌው በገዛ እጁ ጎተራውን ይሞላል። በሽታው ይህ ነው።

አሁን ቁጥሩ ትርጉም አገኘ። ሁለት ሰዎች አልዶስትሮናቸው በዴሲ ሊትር 20 ናኖ ግራም ነው እንበል። አንደኛው ሬኒኑ 5 ነው፤ አልዶስትሮኑ በሬኒኑ ሲካፈል 4 ይመጣል። አካሉ ጨው ፈልጎ አዟል፣ አልዶስትሮኑም ታዟል። ሁለተኛዋ ሬኒኗ 0.2 ነው፤ ሲካፈል 100 ይመጣል። ማንም አላዘዘም። በወረቀቱ ላይ ሁለቱም 20 ይላሉ፤ አንዱ ጤነኛ ነው፣ አንዷ ግን ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋታል። ይህን ማካፈል እንደ መለያ አድርገው በ1981 ያቀረቡት ጃፓናዊው ሂራማትሱና ባልደረቦቹ ናቸው። በዚህ መለኪያ ውጤቱ ከ20 ወይም ከ30 ሲበልጥ፣ አልዶስትሮኑም ራሱ ከ10 ወይም ከ15 ሲያልፍ ሐኪሙ ይጠረጥራል፤ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት መስፈሪያ ስለሚለያይ ግን የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር አደገኛ ነው። እንዲህ ያለችውን ኢምንት መጠን በደም ውስጥ መለካት የተቻለውም ሮዛሊን ያሎውና ሰሎሞን በርሰን ለኢንሱሊን የፈጠሩት የመለኪያ ዘዴ በ1970ዎቹ ወደ አልዶስትሮን ስለተሻገረ ነው።

መለኪያው በእጅ ሲገባ ሌላ ነገር ታየ። ለብዙ ዓመታት በሽታው ከመቶ ግፊተኛ አንድም አይገኝበትም ይባል ነበር፤ የሚፈለገው ፖታሲየማቸው የወረደ ብቻ ነበሩና። በ1990ዎቹ በብሪስበን፣ አውስትራሊያ ሪቻርድ ጎርደንና ባልደረቦቹ ፖታሲየማቸው ደህና የሆነውንም መመርመር ሲጀምሩ በሽታው በየቦታው ብቅ አለ። ዛሬ ከመቶ ግፊተኛ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው፣ ሦስት መድኃኒት አልበቃ ካላቸው መካከል ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ግድም ይህ እንዳለበት ይገመታል። አብዛኞቹ ፖታሲየማቸው ጤናማ ነው። ግፊታቸው ከሌላው ግፊተኛ ጋር እኩል ቢሆንም እንኳ ስትሮክና የልብ ምት መዛባት የበለጠ ያጠቃቸዋል፤ አልዶስትሮን ልብንና የደም ሥርን በቀጥታም ይጎዳልና።

በ2015 በሀገራችን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ግድም ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የዕለት የጨው ፍጆታችንም በአማካይ 8 ግራም ግድም ሆኖ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል። ጨው እንደ ገንዘብ የሚቆጠርበት ዘመን አልፎ በኪሎ ከሱቅ የሚገዛ ሆኗል፤ አካላችን ግን ያንኑ የአሞሌ ዘመን ጠባቂ ይዞ ነው ያለው። በየሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል እንዲህ ያለ ንግግር ይሰማል፦

«እማማ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ?»

«አንድም ቀን አጓድዬ አላውቅ፣ ልጄ።»

«ጨውስ?»

«ቀንሻለሁ። ልጆቹ ወጡ አልጫ ሆነ እያሉ ያኮርፉኛል።»

መሣሪያው ግን ክንዳቸው ላይ ታስሮ 170 ይላል። ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፤ እማማ ሳይታመኑ የቀሩ ይመስላቸዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ የታዘዙትን ሁሉ ፈጽመው እንዳልፈጸሙ መቆጠር። ጥያቄው ወደ ዕጢው መዞር ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ በተለይ ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰዱ ግፊታቸው ካልወረደ፣ ፖታሲየማቸው ካነሰ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ስትሮክ የመታው የቅርብ ዘመድ ካላቸው።

ምርመራው ሲታዘዝ ደግሞ ያየነው ታሪክ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። እማማ ጨው መቀነሳቸው ራሱ ሬኒንን ስለሚያነሣ በሽታውን ሊደብቀው ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ከምርመራው በፊት ለጥቂት ቀናት እንደ ወትሮው እንዲበሉ ሊነግራቸው ይችላል። ፖታሲየም ካነሰ አድሬናሉ ስለሚታቀብ መጀመሪያ እሱ ይስተካከላል። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሬኒንን ከፍ ያደርጋሉ፤ አቴኖሎል ያወርደዋል፤ አምሎዲፒን ብዙም አይነካካውም። ስፒሮኖላክቶን የሚወስድ ሰው ብዙውን ጊዜ ለአራት ሳምንት ያህል ማቆም ይኖርበታል፤ ይህን ሁሉ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው፣ በራስ ፈቃድ መድኃኒት ማቋረጥ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ደሙ የሚቀዳው ጠዋት ነው፤ ከአልጋ ተነሥተው ሁለት ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ፣ ትንሽ አረፍ ብለው ተቀምጠው።

ለመካነ ሰላም የሚሆን አንድ ጉዳይ እዚህ አለ። ምርመራው በወረዳ ደረጃ የሚሠራ ስላልሆነ ናሙናው ሩቅ መንገድ መሄዱ አይቀርም። ክትባት በበረዶ ሳጥን ሲያመላልስ የኖረ የጤና ባለሙያ ደሙንም በረዶ ውስጥ ለማስቀመጥ እጁ ይቸኩላል። ይህ ስሕተት ነው። ያልተለየ ደም ሲቀዘቅዝ፣ በውስጡ ያለው ገና ያልበሰለ ሬኒን ወደ ንቁ ሬኒን ይለወጣል፤ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ ማካፈሉ ያንሳል፤ የታመመው ሰው ጤነኛ ነህ ይባላል። ደሙ በክፍል ሙቀት ይቆያል፣ ፈሳሹ በማሽን ይለያል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በፍጥነት በረዶ ይደረጋል። እውቀቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በቀዝቃዛ ደጋ ላይ ለሚሠራ ላቦራቶሪ ግን ብዙ ያድናል።

ውጤቱ ካስጠረጠረ በደም ሥር ጨው ያለበት ፈሳሽ ሰጥቶ አልዶስትሮኑ ይወርድ እንደሆነ ማየት፣ ሲቲ ስካን ማንሣት፣ ካስፈለገም ከሁለቱ ዕጢዎች ደም ቀድቶ ከየትኛው እንደሚመጣ መለየት ይከተላል። ከአንዱ ከሆነ ይወጣል፤ ከሁለቱም ከሆነ መድኃኒት ይሰጣል። መድኃኒቱ ስፒሮኖላክቶን ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተገኘው አልዶስትሮንን ለመግታት ታስቦ ሲሆን፣ በሆስፒታሎቻችን ለልብ ድካምና ለሆድ ውሃ ሲሰጥ ዘመናት አልፈውታል። በ2015 በብሪታንያ የታተመ ፓዝዌይ 2 የተባለ ጥናት፣ በሦስት መድኃኒት ያልወረደ ግፊት ላይ አራተኛ ሆኖ ሲጨመር ከተወዳደሩት ሁሉ የበለጠው ስፒሮኖላክቶን እንደሆነ፣ ሬኒናቸው ዝቅ ባለ ሰዎች ላይ ደግሞ ይበልጥ እንደሚሠራ አሳየ። በ2025 የኢንዶክሪን ሶሳይቲ የተባለው የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ አልዶስትሮንና ሬኒኑ እንዲለካ ሐሳብ አቀረበ። የአልዶስትሮን ምርመራ ባልደረሰበት ቦታ ያለ ሐኪም ግን፣ በፓዝዌይ 2 ውጤት መሠረት ከሦስት መድኃኒት በኋላ ስፒሮኖላክቶንን አራተኛ አድርጎ መሞከር ይችላል ማለት ነው፤ አስቀድሞ የታካሚውን ፖታሲየምና የኩላሊት ሁኔታ አይቶ፣ ከጀመረ በኋላም በሳምንቱና በወሩ ደግሞ አይቶ፤ ፖታሲየም ከልክ በላይ ከፍ ካለ ልብን ሊያቆም ይችላልና።